ስም ያልተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት

ያቺን ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣኋት? ለክፋት ብዬ ፈጠርኳት ወይስ ድሮውንም ውስጤ ነበረች? ስምንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ይህ ነው። መምህርት ነኝ፤ ተማሪ "አላውቅም" ሲለኝ "አስብ እንጂ" እለዋለሁ። እኔ ግን አስቤ አስቤ እዚያው ነኝ።

እስከዚህ ዓመት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ የከበዳትን ነገር ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ነግራ ቀለል ብሏት ስትመለስ አስታውሳለሁ። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ኃጢአቴን የምናገረው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው፤ ይህንንም ተናግሬዋለሁ። ግን እሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ለሚያውቅ መናገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የገባኝ፣ ለማያውቅ ሰው ልናገር አፌን የከፈትኩ ቀን ነው። እሑድ እሑድ ምእመናኑ ለምስክርነት ሲነሡ እኔ ጫማዬን አያለሁ። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ።

ጭሮ ከተማ፣ የድሮ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እኔ ራሴ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር። ቁመቴ እንዳይታይ ጎብጬ እቀመጥ ነበር። ሌላው በጨዋታ ያገኘውን ፊደል እኔ በእፍረት ነው ያገኘሁት፤ ስለዚህ ፊደል ሲበላሽ ያመኛል። ደብተር ሳርም አንዲት አራት ነጥብ አላልፍም። ልጆቹ ከኋላዬ "ቀይ እስክሪብቶ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከፍቶኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ብርቱካን የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ከመሰላ በኩል መጥታ፣ ከአገሯ ልጅ ከፈቲያ ጋር ጭሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ የምትማር። አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም ስለሆኑ ሥጋ አይጋሩም፤ ሽሮውን ግን ከአንድ ሰሃን ነበር የሚበሉት፤ ክፍል ውስጥም ከአንድ ዴስክ አይለያዩም። ብርቱካን በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ አታውቅም። የምትጽፈውን ግን ሳነብ ራሴን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ከራሴ መደርደሪያ መጽሐፍ እያወጣሁ፣ በጋዜጣ እየለበጥኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አዋስኳት። ስትመልስ "አነበብኩት ቲቸር" ትለኛለች፤ "ጥሩ" ብዬ ሌላ እሰጣታለሁ። ከዚህ የበለጠ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እኔ ግን በሆዴ ልጄ አድርጌያት ነበር። ለእሷ መች ነገርኳት? ታዲያ በምን ታውቀው?

ከዚያ ነኢማ መጣች። የሂርና ልጅ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ አዲስ የተመደበች የአማርኛ መምህርት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ "እርስዎ" ብላ ጀምራ "ነይ" ብላ ትጨርሳለች። "አዴ ስንዱ" ነበር የምትለኝ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው። እኔ ግን ስታወራኝ ወሬዋን ሳይሆን ስህተቷን ነበር የምሰማው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ በሆዴ አርማታለሁ። እንዲህ ዓይነቷ አማርኛ ታስተምር? እኔ በእፍረት ያገኘሁትን እሷ እየሳቀች ትስበረው?

ልጆቹ ደግሞ ወደዷት። ከእሷ ክፍል የሚወጣው ሳቅ ግድግዳ አልፎ ይመጣብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዳይሬክተሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ እንዲያነቡ፣ ለዚህም የእኔና የነኢማ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን እንዲገናኝ ወሰነ። ታሪኩ በድሮ ዘመን ስለኖረች የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አገሬው አባቷ በሠራው ማረሻ እያረሰ እሷን ከደጁ አያስገባም። መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ልጆቹን ስለ ጭፍን ጥላቻና ስለ ግብረ ገብ እንዲወያዩ ማዘጋጀት ነበረብን። እኔ አዘጋጀሁ። ሃያ ሁለት የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች፣ የቃላት ፍቺ፣ የዘመኑ አጭር ታሪክ፣ ሁሉም በእጅ ጽሕፈቴ። "ጭፍን ጥላቻ ምን እንደሆነ በአምስት መስመር አብራሩ" የሚል ነበረበት። ነኢማ አገላብጣ አየችውና ጽሕፈቴን አደነቀች። ቀጥላ፣ "አዴ፣ ይሄን ብንጠይቃቸው ሁሉም መጥፎ ነው ብለው ይጽፋሉ። የራሳቸውን ግን አይነኩትም" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እውነቷን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

የእሷ ዘዴ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ነው። ክዳኑ ላይ ሽንቁር አበጀችለት። ተማሪው በቤቱ ስለ ሌላ ሰው ሲባል የሰማውን፣ እሱ ራሱ የሚያምነውን፣ ወይም የደረሰበትን አንድ ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይከትታል። ስም አይጻፍም። ማን ጻፈው ተብሎ አይጠየቅም። ወረቀቱን ቀድሞ የሚያይ የለም፤ ክፍል ውስጥ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ውይይቱ ሲያልቅ እዚያው ይቀደዳል። ነኢማ በልጆቹ ፊት በአላህ ስም ቃል ገባችላቸው።

የመጀመሪያው ቀን እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁ። አንዱ ወረቀት፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ካገባሽ ለቅሶ እቀመጥልሻለሁ ስላለ አጎት ነበር። አንዱ ጫማው ይሸታል ስለተባለ የገጠር ልጅ። ሌላው ደግሞ፣ "እናቴ ገበያ ላይ አማርኛ ስትሰብር ሰዎች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ" ይላል። ነኢማ አልገሠጸችም፣ አላስተማረችም፤ ይህ ሳቅ ማን ላይ ዐረፈ ብላ ብቻ ጠየቀች። ያኔ ብርቱካን እጇን አወጣች።

ሁለት ዓመት በእኔ ክፍል ያልወጣ እጅ። ተነሥታ፣ ወፈር ባለች ድምፅ፣ የሳቀው ልጅ ከብዙዎቻችን ይሻላል፣ እኛም ስቀናል፣ እሱ ግን ጽፎታል አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ድምፅዋ ወፍራም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ልጄ ያልኳት ልጅ ድምፅ። ደወሉ ሲደወል ነኢማን ተከትላ እያወራች እስከ በሩ ሄደች፤ በእኔ በኩል ስታልፍ "ደህና ዋሉ ቲቸር" አለችኝ። ያው የሁልጊዜው ሰላምታ ነው። እኔን ግን እንደ በትር መታኝ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ለአማርኛ ጥራት ተቆርቁሬ አልነበረም፣ ለሥርዓት አስቤም አልነበረም። ቀናሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቀትር ላይ ነኢማ ለሰላት ስትወጣ ካርቶኑን ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "አደራ አዴ" አለችኝ። መምህራኑ ምሳ ወጥተው ነበር። ልጆቹ ምን ያህል ፊደል እንደሚሳሳቱ ልይ ብዬ ከፈትኩት። ለራሴ ያልኩት ይህን ነው። እኔ ግን የተማሪዎቼን ሁሉ የእጅ ጽሕፈት አውቃለሁ፤ ለእኔ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ይህን እያወቅኩ ከፈትኩ።

የብርቱካንን አገኘሁት። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አብራኝ ከምትኖረው ጓደኛዬና ከቲቸር ነኢማ በስተቀር የሚያውቅ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ ራሴ እናገራለሁ" ይላል።

ሁለት ዓመት መጽሐፍ አዋስኳት። ለእኔ አልነገረችኝም። ለነኢማ ሦስት ወር በቅቷት ነበር።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ከራሴ ደብተር ብጣሽ ወረቀት ቀደድኩ። በግራ እጄ፣ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የሸክላ ሰሪ ልጅ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ምሳዬን ደብቄ እበላለሁ።" ተማሪ የጻፈው እንዲመስል "ሠሪ" የሚለውን ሆን ብዬ አሳሳትኩት። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ያን ቀን የጨነቀኝ የፊደሉ ስህተት ነበር። ቃሉ አልጨነቀኝም። እኔ ጻፍኩ፣ እኔ አጠፍኩ፣ እኔ ከተትኩ። ነኢማ ስትመለስ ካርቶኑን አስረከብኳትና አመሰገነችኝ።

ምን ፈልጌ ነበር? ነኢማ በከፈተችው ካርቶን እንድታፍር። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ጥያቄዎች እንዲመለስ። ብርቱካን ምስጢሬን ያወጣችው ነኢማ ናት ብላ እንድትጠረጥርና ወደ እኔ እንድትመጣ፤ አዎ፣ ይህንንም አስቤያለሁ። ፈቲያን ግን አላሰብኳትም። ለልጆቹ ሁልጊዜ፣ በደፈናው አትጻፉ፣ ቦታውን አሳዩ እላቸዋለሁ። "አጠገቤ" ያልኩት በዚያ ልማድ ነው። ያቺ አንዲት ቃል በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ እንደምታርፍ ቀይ እስክሪብቶዋ መምህርት አላየችውም።

በማግስቱ ነኢማ ካርቶኑን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር መጣች። ዛሬ አንቺ አንብቢ፣ ድምፅሽ ያምራል አለችኝ። አክብራኝ ነው። ስህተቷን እየቆጠርኩ እንደምኖር ሳታውቅ እኔን ወደ ፊት ማምጣቷ ነበር። ሦስት ወረቀት አነበብኩ። አራተኛውን ገና በአስተጣጠፉ አወቅኩት። ፈተና ሁለት ጊዜ መጣልኝ ማለት ነው፤ "ይህ አይነበብም" ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። መዋጥ እችል ነበር፤ ሌላ ፈጥሬ ማንበብ እችል ነበር። አነበብኩት። ጥርት አድርጌ፣ ኋላ ድረስ እንዲሰማ፣ እንደማስተምረው አድርጌ አነበብኩት።

አንድ ልጅ ከኋላ "ማናት እሷ?" ብሎ ሳቀ። እውነትም ማንም አያውቅም ነበር። ብርቱካን ዝም ብትል ኖሮ እስከ መጨረሻው የሚያውቅ አልነበረም። ግን ወደ ፈቲያ ዞረች። አፍጥጣ አየቻት፤ ያኔ ክፍሉ ሁሉንም ነገር አወቀ።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለች ፈቲያ።

"ካንቺ ሌላ አጠገቤ ማን አለ?" አለቻት ብርቱካን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች።

ነኢማ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ቀደደችው። ቃል ገብታለች፤ ማን ጻፈው ብላ አትጠይቅም። ቃሏን ስትጠብቅ እኔን ደበቀችኝ።

ብርቱካን ሰኞ አልመጣችም። ነኢማ በራሷ ጊዜ ሁለቴ መሰላ ሄደች፤ ልጅቷ ከጓዳ አልወጣላት አለች። ፈቲያን ክፍሉ "ምሳ ደባቂዋ" ብሎ ስም አወጣላት፤ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ስታለቅስ አላየኋትም። በእረፍት ሰዓት ግን ምሳዋን ሁሉም ከሚያይበት ከግቢው መሀል ተቀምጣ መብላት ጀመረች፤ የሚቀርባት አልነበረም። ዳይሬክተሩ ካርቶኑን አስጥሎ በወይዘሮ ስንዱ ጥያቄዎች ቀጥሉ አለ። ቀጠልን። ሰባ ስምንት ልጆች በአምስት አምስት መስመር ጭፍን ጥላቻ መጥፎ ነው ብለው ጻፉልኝ። በቀይ አረምኩላቸው። ከዚያ መጽሐፉን ከፈትንና የቀጥቃጩን ልጅ ታሪክ አነበብን፤ ስለ እሷ ያዘኑ ልጆች ነበሩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ነኢማ ዝውውር ጠይቃ ወደ ቦርደዴ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ተሰናበተችኝ። "አዴ፣ ያን ወረቀት ያስነበብኩሽ እኔ ነኝ። በኔ ጥፋት አፍሽን አቆሸሽኩት። ይቅር በይኝ" አለችኝ።

እኔም ይቅር አልኳት። እንደ ጻድቅ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ "ይቅር ብያለሁ" አልኳት። ከጻፍኩትም ካነበብኩትም ይህ ይብስብኛል።

ብርቱካን ጋ የቀረ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ። በክረምቱ በሰው ላከችልኝ። የተቀደደው ጀርባው ተጣብቆ፣ አዲስ ጋዜጣ ለብሶ። ውስጡ ምንም አልተጻፈበትም። ገጽ በገጽ ፈትሻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ልጅ ሳለሁ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴትዮ ማሰሮና ድስት ይዛ ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። እናቴ ጸሎተኛ ነበረች፤ ለማንም ክፉ ቃል አይወጣትም። ሴትዮዋን "እንደምን ዋልሽ" ትላታለች፣ ውሃም ትሰጣታለች። ውሃውን የምትሰጣት ግን ለእሷ ብቻ በተለየች፣ አጥሩ ላይ በምትሰቀል ጣሳ ነበር። ጣሳዋ ቤት አትገባም። ሴትዮዋ ስትመጣ ምግብ ቀርቦ ከሆነ እናቴ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፣ እኔም እከድናለሁ። የሸክላ ሠሪ ዓይን ምግብ ላይ ክፉ ነው ይባል ነበርና። እኔ ነኝ የምከድነው። በእነዚህ እጆች። መጽሐፍ ሳነብ፣ ዲግሪዬን ስይዝ፣ ያ ነገር ታጥቦ የወጣ መስሎኝ ነበር። ታዲያ ሰው ልጎዳ በፈለግኩ ቀን፣ ከዓለም ቃላት ሁሉ መርጬ ያወጣሁት ያንኑ አይደለም ወይ? አላሰብኩበትም እኮ። እስክሪብቶው ወረቀት ሲነካ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ወይስ የብርቱካንን ወረቀት ስላነበብኩ ብቻ ነው? እናቴን ምክንያት እያደረግኩ ነው? አላውቅም። ጣሳዋ ግን ትታየኛለች።

ዘንድሮ ያው መጽሐፍ እንደገና እንዲነበብ ተወሰነ። አንድ ወጣት መምህር ወደ እኔ መጥቶ፣ ልጆቹን ስለ ጭፍን ጥላቻ እንዴት አድርጌ ላወያያቸው፣ እርስዎ ልምድ አለዎት አለኝ። ልምድ አለዎት። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። በማግስቱ ግን ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ሂርና ወረድኩ። ፈቲያ እዚያ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንደከፈተች ሰምቼ ነበር።

ስታየኝ ተነሣች፤ "ቲቸር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ" ብላ በርጩማውን በመዳፏ ጠረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም። ቆሜ፣ ያደረግኩትን በሙሉ ነገርኳት። ስምንት ዓመት በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ የቆየችውን የብርቱካንን ብጣሽ ወረቀትም ባንኮኒው ላይ አኖርኩላት። አንድ ሰው ኮፒ ሊያስነሣ ገብቶ ነበር፤ በእጇ ምልክት መለሰችው።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወረቀቷን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አነበበቻት።

"ሁለት ዓመት ሽሮ የበላሁት እናቷ በሠራችው ድስት ነው" አለችኝ። "እኔ ነኝ ምሳዬን የምደብቀው?"

ቀጥላ ጠየቀችኝ፦

"ያን ቃል ከየት አመጣሽው?"

"እርስዎ" ስትለኝ የኖረች ልጅ "አንቺ" አለችኝ። አላረምኳትም። ጥያቄዋንም አልመለስኩላትም፤ ያንን የቆየ ጥያቄ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው በእሷ ቃል ነው።

ስለ ብርቱካን ጠየቅኳት። ትምህርቱን በዚያው ትታ መሰላ ከእናቷ ጋር ሸክላ እየሠራች መሆኗን ነገረችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከፈቲያ ጋር ተነጋግረው አያውቁም፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ አንዷ መንገድ ታቋርጣለች። ይህንን ስትነግረኝ ብቻ ነው ድምፅዋ የተሰበረው።

ከዚያ ከማሽኑ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ስባ እስክሪብቶ አስቀመጠችበት።

"የነገርሽኝን ጻፊልኝ" አለች። "የኔን ወላሂ አላመነችም። ያንቺን ጽሕፈት ታውቀዋለች። መሰላ የማደርሰው እኔ ነኝ።"

ያኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። በቀኝ እጄ ጻፍኩ። ሰበብ አልጻፍኩም፤ እናቴንም፣ ጣሳዋንም፣ ዘግይቼ መማሬንም አልጻፍኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬም አልጻፍኩም፤ አንድ ጊዜ ለነኢማ የማይገባኝን ይቅርታ ሰጪ ሆኛለሁ፣ ደግሞ ተቀባይ ልሁን? ያደረግኩትን ብቻ፣ ማን እንዳልጻፈውና ማን እንደጻፈው፣ ገጹ እስኪሞላ ጻፍኩ። አጥፌ ሰጠኋት።

ፈቲያ ዘረጋችው። ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስትጨርስ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

"ስም የለበትም" አለችኝ።

ረስቼው ነበር? ይህንንም አላውቅም። እስክሪብቶውን አነሣሁና ስንዱ ብዬ ጻፍኩ።